አለቃ ሲጠሩት አይዞርም

አማቴ ሹክ ማለት አይችሉም። ምስጢር ሊነግሩኝ ሲፈልጉ በሩን ዘግተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ይጮኹብኛል። ከእኛ በላይ የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ «ልጄ፣ ጨጓራሽ እንዴት ሆነልሽ?» አሉኝ። ጨጓራዬን እንዳመመኝ የነገርኩት ለአማቴ ብቻ ነበር። እሳቸውም «ይሄ በመካከላችን ይቅር» ብለውኝ ነበር፤ ያንንም ያሉት በሙሉ ድምፃቸው ነው።

ወደው አይደለም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። ጡታቸው ሳያጎጠጉጥ ገቡ፣ እዚያው ማሽን ዘይት ከሚቀባ ጎረምሳ ጋር ተጋቡ፣ የባለቤቴ ምጥ የጀመራቸውም ፈረቃ ላይ ሳሉ ነው። ማሽኖቹ ሲነሡ ሰው የገዛ ሐሳቡን እንኳ አይሰማም ይላሉ። ጡረታ ሲወጡ የጆሯቸው ግማሽ እዚያው ቀርቷል። «ጉልበቴን ሸጥኩላቸው፣ ጆሮዬን ደግሞ ምራቂ ሰጠኋቸው» እያሉ ይቀልዳሉ።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሠራተኞቹ የሚያወሩት በድምፅ አልነበረም። ቃሉን በከንፈራቸው ሰፋ አድርገው ይስሉታል፤ የቀረውን ቅንድብ፣ አገጭና እጅ ይጨርሱታል። የተበጠሰ ክር የራሱ ምልክት አለው። ኮሌታን መንካት ተቆጣጣሪው መጣ ማለት ነው። አማቴ ይህን ልማድ ከጡረታ ደብተራቸው ጋር ይዘውት ወጡ። የድሮ ባልደረባቸው ከመንገዱ ማዶ የልብስ መጠገኛ ቤት አላት። ሁለቱ በመስኮትና በመስኮት ሆነው፣ መሀላቸው መኪና እየተርመሰመሰ፣ አንዲት ድምፅ ሳያወጡ ሰፈሩን ሙሉ ያሙታል። እኔ ከሥራ ስመለስ ብቅ ስል እጃቸው አየር ላይ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ የዕለቱ ርዕስ እኔ እንደነበርኩ ይገባኛል።

ልጄን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው። ከወሊድ በኋላ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ልመለስ ስል ሕፃናት የሚውሉበት ቤት ላፈላልግ ጀምሬ ነበር። አማቴ ይህን ሲሰሙ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄውን ያነሣ የለም። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ከጉያቸው አይወጣም። መሬት ሲረግጥ ይሰጋሉ፣ ሲበላ ያጎርሱታል፣ ሲተኛ ፊቱን እያዩ ይቀመጣሉ። ስም ወጥቶለት ሳለ «አለቃ» ብለው የጠሩትም እሳቸው ናቸው። ልጁ ሲጠሩት ቶሎ አይዞርም ነበርና፣ «እኔ ያየሁት አለቃ ሁሉ መጀመሪያ ጥሪ ላይ ዞሮ አያውቅም። ይሄም አለቃ ነው» ይሉ ነበር። እንስቅ ነበር። ሰፈሩም «አለቃ፣ ዛሬም ኮርተሃል?» እያለ ይስቅ ነበር።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ለክትትል ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እዚያ አዲስ ነገር ተጀምሮ ጠበቀን። ከሚዛኑ በኋላ ሕፃናቱ ወደ ጓዳው ክፍል እየገቡ፣ እንደ ዕድሜያቸው ይናገራሉ ወይ፣ ይጫወታሉ ወይ፣ እጃቸው ይታዘዝላቸዋል ወይ የሚለውን አንዲት ነርስ ታያለች። ነርሷ ከሌላ አካባቢ በቅርቡ ተዛውራ የመጣች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ ለሳቅ የማትቸኩል ልጅ ናት። የምትሠራበት ጥያቄ ሩቅ አገር ተዘጋጅቶ፣ ተተርጉሞ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ኩቦች አስቀመጠችለት፤ አንዱን ባንዱ ላይ እንዲደረድር ነው። ልጄ ኩቦቹን አያቸው፣ አንድ በአንድ ለቀማቸውና ለአያቱ አስረከበ። የሰው ዕቃ ካገኘህ ለትልቅ ሰው ስጥ፤ እንዲህ ነው ያስተማሩት። ነርሷ ጻፈች። በማንኪያ ራሱ ይበላል ወይ ስትል አማቴ ግራ ተጋብተው እኔን አዩኝ። «እኔ እያለሁ?» አሏት። ደረጃ በራሱ ይወጣል ወይ ስትል፣ ደረጃችን የብረት እንደሆነ፣ መደገፊያውም እንደላላ፣ ልጁን እዚያ ላይ የሚለቅ ሰው አእምሮው የላላ ብቻ እንደሆነ አስረዷት። ሥዕል አወጣችና ውሻው የቱ ነው አለችው። አማቴ ደግመው ጠየቁት፤ ልጁም በአገጩ አሳያት። በጣቱ ያሳይ አለች። ጣት መቀሰር ነውር ነው እያልን እጁን ስንመታ የከረምን ሰዎች ነን፣ ከየት አምጥቶ ይቀስር? እሱንም ጻፈች።

የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ከቤተሰቡ በቀር ለሰው አይገቡም። ነርሷ ይህን ስትሰማ ብዕሯን አቆመችና ሲነግሩት ይገባዋል ወይ አለች። አማቴ ይህቺን ሲጠብቁ ነው የቆዩት። ልጁን ወደ ራሳቸው አዙረው፣ ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አምጣልኝ አሉት። አመጣ። ለእናትህ ስጣት አሉት። ሰጠኝ። አይ፣ መልስና በሩ ጋ አስቀምጠው አሉት። አስቀመጠው። ነርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ውጤቱ ሲነገረን በእጅ ሥራውና ከሰው ጋር በመግባባት ዘግይቷል፣ በመስማትና በመረዳት ግን ደህና ነው ተባለ። በሚቀጥለው ወር ተመለሱ ተባልን። ልጄ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚችለውን ሁሉ ወደቀ፣ የማይችለውን ግን አለፈ። ያን ቀን ይህን ያወቀ አልነበረም፤ እኔም አላወቅሁም።

አማቴ ከጤና ጣቢያው እስከ ቤት ድረስ ሰፈሩን አሰሙት። የልጅ ልጃቸውን በእንጨት ቁራጭ መዘኑት። አባቱ ኩብ አይቶ ያውቃል? ይኸው የሕዝብ አውቶቡስ ይነዳል። «ወደዚያች ልጅ ቤት የሚመልሰኝ የለም» አሉ፤ ይህን ሲሉ እንደ ቃል ኪዳን ደረታቸውን መቱ።

ነገሩ በዚሁ ያልፍ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ግን መብራት ጠፋና አሠሪዬ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋ። ቤት ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። አማቴና ልጄ ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎን ለጎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከልብስ ጠጋኟ ያመጡትን አዝራር በየቀለሙ ይለያሉ። እንደምን ዋላችሁ አልኩ። ዝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ እማዬ አልኩ። ዝም። ከኋላዬ ነፋሱ በሩን ወስዶ ከግድግዳው ጋር ሲያላጋው እኔ ራሴ ዘለልኩ። ሁለቱ ጀርባዎች ግን ንቅንቅ አላሉም፤ ከመስታወት ወዲያ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። አማቴ ለምን እንዳልዞሩ አውቃለሁ። ዓይኔን ከትልቁ ጀርባ ላይ አንሥቼ ትንሹ ጀርባ ላይ ሳሳርፈው ግን፣ እሱስ ለምን አልዞረም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ከጀርባው ሆኜ ክዳን አጋጫለሁ፤ አይዞርም። ደግሜ አጋጫለሁ፤ ይዞራል። ሰምቶ ይሁን ጥላዬን አይቶ አላውቅም። አንድ ቀን ይሰማል ብዬ ሥራ ቦታ ስዘፍን እውላለሁ፤ በማግስቱ በሐሳብ ሰጥሜ የደንበኛ መታወቂያ ማሽኑ ውስጥ እረሳለሁ። በሥራ መሀል ስልኬ ላይ ሳነብ፣ ሕፃን ልጅ ድምፅ ካልሰማ ጊዜው እንደሚያልፍበት፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን ብዙ ሊደረግለት እንደሚችል አገኘሁ። ስለዚህ የጨነቀኝ አይሰማም የሚለው ብቻ አልነበረም። እኛ «አለቃ ኮርቷል» እያልን ስንስቅ ያ ጊዜ እየሄደ መሆኑ ነበር ያንገበገበኝ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ነገር የማይወድ ሰው ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ ሲጣላ እንኳ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል እንጂ አይገባም። ተነሣና ከልጁ ጀርባ ቆሞ መጀመሪያ አጨበጨበ፣ ምንም የለም። ቀጥሎ እግሩን ወለሉ ላይ መታ። ልጁ ዞረ። ባለቤቴ ትንፋሹን ለቀቀና «አየሽ?» አለኝ።

«ወለሉ እኮ ጣውላ ነው» አልኩት። «በእግርህ ነው የጠራኸው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ግን ያለው ሌላ ነው፤ እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትሆናለች አለ። እኔ ስለ ልጁ ጆሮ ሳወራ እሱ ስለ እናቱ ልብ ያወራል።

ሰሙ። እንዴት እንደሰሙ እንጃ፤ ባሌ ነግሯቸው ይሆናል፣ ወይም የእሱን ፊት ማንበብ ለእሳቸው ከጋዜጣ ይቀላል። ራት ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡና አፈጠጡብኝ።

«ደንቆሮ ነው ልትዪኝ ነው?»

አላልኩም አልኩ። ይታይልን ነው ያልኩት። እሳቸው ግን ልጁን ክፍሉ መሀል አቁመው ከማዶ ሆነው ያዙት ጀመር። ጫማዬን አምጣ። ያንን አይደለም፣ ጥቁሩን። አንዱን ብቻ። አሁን ለአባትህ። ልጁ ሁሉንም አደረገ፤ ሲጨርስም ራሱን አጨበጨበ። ባለቤቴ በደስታ ዕንባው መጣ። እኔ ግን የማየው የአማቴን ፊት ነበር። ከንፈራቸው ይሰፋል፣ አገጫቸው ወደ ጫማው ይሄዳል፣ ጥቁር ሲሉ ጣታቸው ጸጉራቸውን ይነካል፣ አንድ ሲሉ አንድ ጣት ብቅ ይላል። ልጄ አንዴም ዓይኑን ከዚያ ፊት ላይ አላነሣም። አፍዎን ይሸፍኑና ይንገሩት ማለት ነበረብኝ፤ ባሌ ዕንባውን ሲጠርግ ሳይ ግን ተውኩት።

ኋላ ዕቃ ሳጥብ መጥተው ከጎኔ ቆሙ፤ ቁጣቸው በርዶ ነበር። ሰው መሀል ስቀመጥ ቀልዱ ያመልጠኛል አሉ። «ሰው ከሳቀ በኋላ ነው እኔ የምስቀው። ሲስቁ አይቼ እስቃለሁ። እንደዚያ እንዲኖር ነው የምትፈርጂበት?» ሲሉ፣ ለካ ቁጣው ሁሉ ፍርሃት ኖሯል። የታጠበውን ሳህን ደግሜ አጠብኩት።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ አሠሪዬን ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ለማንም ሳልናገር ልጁን አለባበስኩ። በሩን ስከፍት አማቴ ነጠላ ጫማቸውን በቆዳ ጫማ ቀይረው፣ ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል። «እኔ ሳልኖር ልጄን ማንም አይነካውም» አሉ፤ ልጁንም ከእጄ ወሰዱት። እኔ ከኋላ ተከተልኳቸው።

ጓዳው ክፍል ጠባብ ናት። መስኮቷ የውኃ ታንከር ላይ ነው የምትከፈተው፤ የተበላሸ ማራገቢያ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከመደርደሪያው በታች ለልጆች የተነጠፈ አረንጓዴ ምንጣፍ አለ። በዚህ ወር ውስጥ ነርሷ አንድ ነገር አድርጋለች። ኩቦቹ የሉም። በምትካቸው የፕላስቲክ ኩባያ፣ ቆርኪና የተለያየ መጠን ያለው ክዳን አቅርባለች። እየተቀመጠች ነገረችን፤ ከዚህ በፊት በሠራችበት ቦታ ልጆች ትልቅ ሰው ካላናገራቸው በትልቅ ሰው ፊት አይናገሩም ነበር። እሷ አዲስ ሆና ግማሹን መንደር አይናገርም ብላ ጽፋ ሆስፒታል ልካ አለቆቿ ስቀውባታል። «ባለፈው እዚህም ያንኑ ሳልደግመው አልቀረሁም» አለች። ከዚያም ጥያቄዋን ትታ አማቴን፣ ቤት ውስጥ ልጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቀቻቸው።

አማቴ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አሉ። አዝራር ይለያል አሉ። ጫማ ያጣምራል። የታጠፈ ፎጣ ያቀብላል። ነርሷ ቆርኪዎቹን በምንጣፉ ላይ ዘረገፈቻቸው፤ ልጄም ቀዩን ለብቻ፣ ሰማያዊውን ለብቻ አደረገ። ክዳኖቹን ከኩባያዎቹ ጋር ሳይሳሳት አገጣጠመ። ሥዕሉን በአገጩ ሲያሳይ ነርሷ ትክክል ብላ ጻፈች። አማቴ በየመሀሉ በዓይናቸው ጎን ያዩኛል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ቃል «ይኸው» ነው።

ነርሷ ወረቀቱን አገላበጠች። ባለፈው ዘግይቷል ያልኩት በእኔ ስሕተት ነው አለች። እጁም ጭንቅላቱም ደህና ነው። ንግግሩ ትንሽ ወደ ኋላ ነው፤ ሲነገረው ግን ይገባዋል፣ ስለዚህ እንጠብቀው። በሚቀጥለው ዓመት ይምጣ። ይህን ብላ ብዕሯን ከደነች። ኮሪደሩ ላይ ሌላ እናት ስሟ ተጠርቶ ልጇን እያነሣች ነው። አማቴ ቦርሳቸውን ብብታቸው ውስጥ አስገቡ።

የክፍሉ በር ሲከፈት ዓመቱ አብሮ የሚወጣ መሰለኝ። ተነሥቼ በሩን ያዝኩት።

«ጆሮውን እዪልኝ» አልኳት። «እባክሽ፣ ጆሮውን ብቻ።»

ነርሷ አማቴን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ልጁን አማቴ ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት እንዲይዙት ነገረቻቸው። ፊት ለፊቱ አንድ ቆርኪ ሰጠችውና ከመሳቢያዋ ትንሽ ቃጭል አውጥታ ከኋላ በስተቀኝ ቆመች። ጥላዋ እንዳይታይ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ቃጭሉን ነቀነቀች። ልጁ ወደ ቀኝ ዞረ።

በግራ ዞራ ነቀነቀች። ልጁ ወደ ግራ ዞረ።

ነርሷ እጇን አወረደች። እፎይ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ደስታውና ጥርጣሬው አንድ ላይ መጥተው ተጋጩብኝ፤ እባክሽ አንዴ ድገሚው አልኳት። በዚህኛው ጊዜ ልጄን አላየሁም። ቃጭሉ በቀኝ ጮኸ። የአማቴ ዓይን በጠርዙ የነርሷን ክንድ አየ፤ አውራ ጣታቸውም የልጁን ቀኝ ክንድ ጫን አደረገ። ልጁ ዞረ።

ከልጄ ሕይወት ውስጥ ያቺን ያህል የከበደችኝ ደቂቃ የለችም። ብናገር፣ ልጄን ቀን ከቀን ያሳደጉልኝን ሴትዮ በባዕድ ሰው ፊት አጭበርባሪ ማድረጌ ነው። ባልናገር ደግሞ ልጁ ደህና ተብሎ ወደ ቤት ይሄዳል።

«እማዬ» አልኳቸው፣ ፊታቸው ፊት ቁጭ ብዬ፣ አፌን እንዲያዩ። «እጅዎ እየነካው ነው።»

«እጄ ምን አደረገ?»

«ቃጭሉ ሲጮህ ይነኩታል።»

ቁልቁል እጃቸውን አዩት። የሌላ ሰው እጅ ጭናቸው ላይ ያገኙ ይመስል አዩት። እንዳላወቁ ከፊታቸው ለነርሷም ገባት። አማቴ ለእኔም ለነርሷም ሳይሆን ለእጃቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «እንነካለን» አሉ። «ከጓደኛሽ ኋላ ጋሪ ሲመጣ ታያለሽ። የማሽኑ ቀበቶ ሲላላ ታያለሽ። ብትጮኺ አትሰማም። ስለዚህ ትነኪያታለሽ። ያልነካናት አንዲት ልጅ ነበረች፣ እጇን . . .» ሳይጨርሱት ተዉት።

ከዚያ ልጁን አንሥተው ምንጣፉ ላይ፣ ቆርኪዎቹ መሀል አስቀመጡት። ራሳቸው ተነሥተው ከኋላው ግድግዳ ጋ ሄደው ቆሙ፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ከጀርባቸውና ከግድግዳው መሀል ቀበሯቸው። «በይ አሁን ደውዪ» አሏት ነርሷን።

ቃጭሉ ጮኸ። ልጄ ቀይ ቆርኪ ከቀይ ጋር አስቀመጠ። በግራ ጮኸ። ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር አስቀመጠ። ነርሷ ቃጭሉን ትታ የብረት ሳህን በማንኪያ መታች። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። ልጄ አንዲት አረንጓዴ ቆርኪ አግኝቶ የት እንደሚያደርጋት እያሰበ ነበር።

አማቴ ነርሷ በቃ እስክትል አልጠበቁም። ከግድግዳው ሳይለቁ፣ እጃቸውን ሳያወጡ፣ አየር ሳቡና «አለቃ!» ብለው ተጣሩ። ፋብሪካ ሙሉ ማሽን የማይበግረው ድምፅ ነው። የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ። በሩ ተከፍቶ ሦስት እናቶችና የጥበቃ ሠራተኛው ራሳቸውን አስገቡ፤ ከወዲያ ያሉ ሕፃናት በሙሉ እሪ አሉ። አንድ ጊዜ ደገሙት፤ ሁለተኛው ግን ወደ መጨረሻው ተሰበረ።

ልጄ አረንጓዴዋን ቆርኪ ለብቻዋ አስቀመጣት፤ በሥራውም ረክቶ ራሱን አጨበጨበ።

ነርሷ ሰዎቹን አስወጥታ በሩን ዘጋች፤ ለሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልን። ሁለት ጊዜ ሊያመልጠኝ ነበር አለች፤ አንዴ የራሴ ጥያቄ ሸፍኖብኝ፣ አንዴ የእናንተ ቤት። አማቴ አሁንም ከግድግዳው አልለቀቁም። በእጄና በፊቴ ባላዋራው ኖሮ ይታወቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቋት። ነርሷ አልዋሸቻቸውም፤ ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር አለቻቸው። ግን ደግሞ ብላ ወደ እሳቸው ሄደች፣ ፊታቸው ፊት ቆመች፣ ቀስ ብላ፣ አፏን ከፍታ ተናገረች።

«ይህን ያህል ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ አይኖርም ነበር። እንዳያቆሙ። ድምፅዎንም ይጨምሩበት እንጂ እጅዎን እንዳያቆሙ።»

ባለቤቴ ማታ ሲመጣ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ደረጃው ላይ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። አላስፈለገኝም። ገና ጫማውን ሳያወልቅ አማቴ በሩ ላይ ያዙት። «ልጅህ አይሰማም» አሉት። «እኔ ነኝ የጋረድኩት። ያወቀችው እሷ ናት፤ በዚህ ነገር አንዲት ቃል ብትናገራት ጠብህ ከእኔ ጋር ነው።» ፎቅ ላይ ያሉት አስተማሪ ሰምተዋል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ጠጋኝም ሳትሰማ አልቀረችም። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ሆስፒታሉ በየትኛው መስመር እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ላይ ብንወጣ ወረፋ እንደምንይዝ ማስላት ጀመረ። ይህ ለሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ድምፅ የማያስገባ ትንሽ ክፍል አስገብተው መረመሩት። ጨርሶ የጠፋ አይደለም፤ በጣም ትንሽ ቀርቶታል አሉን። የመስሚያ መሣሪያ በልኩ ታዝዞለታል፤ እሱ ካልበቃ ሌላ የሚደረግ ነገርም አለ ብለዋል። ይበቃ ይሆን አይበቃ ይሆን ገና አላወቅንም። ሐኪሙ መሣሪያው እስኪመጣ ልጁን ዝም እንዳትሉት፣ በፊታችሁም በእጃችሁም አዋሩት ብሎናል። አማቴን የራሳቸውን ጆሮ እንዲያሳዩ ጠይቋቸው ነበር። «መጀመሪያ አለቃ፣ ከዚያ ሠራተኛው» ብለው አለፉት። አልተውኳቸውም፤ ቀጠሮ አስይዣለሁ፣ እሳቸው ግን አያውቁም።

አሁን ከሥራ ስመለስ የሽመና ክፍል ተማሪ ነኝ። አማቴ ወንበር ላይ ያስቀምጡኝና ራብ፣ ውኃ፣ ትኩስ ነው፣ ተጠንቀቅ፣ እወድሃለሁ የሚለውን በፊቴ ያስጽፉኛል። ክፉ አስተማሪ ናቸው። እጄ ደህና ነው ይላሉ፤ ችግሩ ፊቴ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ ከመቀመጥ የመጣ ነው ይላሉ። «ፊትሽ ሰነፍ ነው። ቅንድብሽን ማን አሰረው? ደንበኛ ልትቀበዪ የቆምሽ ነው የምትመስዪው» ይሉኛል። ልብስ ጠጋኟ ከማዶ በመስኮቷ ታየኛለች፤ በእጇ አንድ ነገር ትናገራለች፣ አማቴም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ምን እንዳለች አይተረጉሙልኝም። ጥቂት ቆይቼ ራሴ አነበዋለሁ።

ትናንት ልጄን ውኃ ትፈልጋለህ ወይ ብዬ በፊቴ ጠየቅሁት። አየኝ፣ አሰበ፣ ጫማዬን አመጣልኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። በሁለት እጁ አገጬን ይዞ ወደ ራሱ ሳበኝና አፌን በቅርብ መረመረው፤ እንደገና በይው እንደማለት ቅንድቡን አነሣ። አልኩት። ሄዶ ኩባያውን ይዞ መጣ።